ከኢንተርኔት አቅራቢ የመጣ የሚመስል ኢሜይልን መመርመር

የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢን ስም መዋስ ለአጭበርባሪዎች እጅግ የተመቸ ዘዴ ነው። ኢሜይል የሚከፍት ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት መስመር አለ፤ ከመስመሩም ጋር ወርሃዊ ክፍያ፣ የሞደም ብልሽትና የአገልግሎት መቋረጥ አዘውትረው ስለሚነሱ፣ «ሂሳብዎ አልተከፈለም» ወይም «መስመርዎ ሊቋረጥ ነው» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ እንግዳ ነገር ሆኖ አይታይም። አጭበርባሪው የተቀባዩን ማንነት ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለብዙ ሺህ አድራሻዎች ቢበትን፣ ከተቀባዮቹ መካከል የዚያ ድርጅት ደንበኛ የሆኑና በዚያው ሰሞን ክፍያ የዘገየባቸው ሰዎች አይጠፉም። ከዚህም በላይ ብዙ አቅራቢዎች ከመስመሩ ጋር የኢሜይል ሳጥን ይሰጣሉ። የደንበኛውን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው ሳጥኑንም ያገኛል፤ ሳጥኑን ካገኘ ደግሞ በዚያ አድራሻ የተከፈቱ የሌሎች አገልግሎቶችን የይለፍ ቃል «ረስቻለሁ» እያለ አንድ በአንድ ማስቀየር ይችላል።

ዘዴው የቆየ ነው። ዛሬ «ፊሺንግ» ተብሎ የሚጠራው ማጭበርበር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ በጊዜው ዋነኛ ዒላማ የነበሩት የአሜሪካ ኦንላይን ደንበኞች ነበሩ፤ ይህም ድርጅት ራሱ የኢንተርኔት አገልግሎት አቅራቢ ነበር። አጭበርባሪዎቹ የድርጅቱ ሠራተኛ መስለው አካውንታቸውን ወይም የክፍያ መረጃቸውን እንዲያረጋግጡ ደንበኞችን ይጠይቁ ነበር። ድርጅቱም ማንም ሠራተኛው የይለፍ ቃል ወይም የክፍያ መረጃ እንደማይጠይቅ በፈጣን መልእክት መስኮቱ ላይ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። ያ ማስጠንቀቂያ ዛሬም አንድ ቃል ሳይቀየር ይሠራል።

እንዲህ ዓይነቱን ደብዳቤ በመልኩ ማመንም ሆነ በመልኩ መጠርጠር አይበቃም። መመርመር ያለበት ደብዳቤው ምን እንደሚጠይቅ፣ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣና ወደየት እንደሚመራ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን የሚገኘው ከደብዳቤው ውጭ በሚደረግ ማጣራት ነው።

የሚጠየቀው ነገር ምንድን ነው?

ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ለራስዎ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ደብዳቤ ምን እንዳደርግ ይፈልጋል?» የሚል ይሁን። አንዳንድ ደብዳቤዎች የሚያሳውቁ ብቻ ናቸው፤ ለምሳሌ በተወሰነ ቀን የጥገና ሥራ እንደሚኖር ወይም የወሩ ሂሳብ መዘጋጀቱን ይነግራሉ። ሌሎቹ ደግሞ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ካርድ ቁጥር፣ በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ወይም ኮምፒውተሩን ከሩቅ ለመቆጣጠር ፈቃድ ይሻሉ። አቅራቢው የእርስዎን አካውንት ለማስተዳደር የይለፍ ቃልዎን ከእርስዎ መስማት አያስፈልገውም፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም የተፈጠረው እርስዎ ራስዎ በገጹ ላይ እንዲያስገቡት እንጂ ለሌላ ሰው እንዲነግሩት አይደለም። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱን በኢሜይል መልስ ወይም በስልክ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከሆነ፣ ቀሪውን ምርመራ ሳይጠብቁ ሐሰተኛ ነው ብለው ቢዘጉት አይሳሳቱም።

አብዛኞቹ አጭበርባሪዎች ግን ይህን ያህል ግልጽ አይደሉም፤ ጥያቄያቸውን በተለመደ ምክንያት ይሸፍኑታል። በብዛት ከሚታዩት አንዱ «የኢሜይል ሳጥንዎ ስለሞላ ደብዳቤዎች እየተመለሱ ነው፤ ቦታ ለማስፋት እዚህ ይግቡ» የሚለው ነው። የሳጥን ገደብ በእርግጥ ስላለ ነገሩ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ምን ያህል እንደተያዘ ብዙውን ጊዜ እዚያው በሳጥኑ ገጽ ወይም በማስተካከያው ውስጥ ይታያል፤ ቦታ የሚገኘውም አሮጌ ደብዳቤዎችን በማጥፋት ወይም ተጨማሪ ቦታ በመግዛት እንጂ የይለፍ ቃልን እንደገና በመጻፍ አይደለም። ደግሞም ሳጥኑ እውነት ሙሉ በሙሉ ሞልቶ አዲስ ደብዳቤ አልቀበል ካለ፣ ይህ ደብዳቤ በየት በኩል ገባ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተመላሽ ገንዘብ አለዎት የሚለውም እንዲሁ መታየት አለበት። ድርጅቱ ከእርስዎ በትርፍ የወሰደው ገንዘብ ካለ፣ የደንበኛነት መዝገብዎና የአከፋፈል ታሪክዎ በእጁ ስለሆነ በሚቀጥለው ሂሳብ ላይ ሊያካክሰው ወይም በከፈሉበት መንገድ ሊመልሰው ይችላል። ገንዘብ ለመስጠት ብሎ የካርድዎን ሙሉ ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ጊዜና ከጀርባው ያለውን የደህንነት ቁጥር የሚጠይቅ ግን ለመውሰድ የተዘጋጀ ነው።

የኢሜይል ሥርዓቱ ወደ አዲስ ስለሚዛወር አካውንትዎን እንደገና ያስመዝግቡ የሚለው ሰበብ ከሌሎቹ የሚለየው፣ አቅራቢዎች አንዳንዴ በእርግጥ ሥርዓታቸውን ስለሚለውጡና ደንበኞቻቸውን ስለሚያስታውቁ ነው። ከመስመርዎ የቫይረስ እንቅስቃሴ ታይቷል የሚል እውነተኛ ማስታወቂያም ከአቅራቢ ሊመጣ ይችላል። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ርዕሱን ብቻ አይቶ መፍረድ ስህተት ይሆናል። ልዩነቱ ያለው ከማስታወቂያው ጋር በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ነው፦ እውነተኛው ማስታወቂያ ችግሩን አስረድቶ ምን ማድረግ እንደሚገባ ይነግራል፤ ሐሰተኛው ደግሞ መፍትሔውን ሁሉ በአንድ ሊንክ ወይም በአንድ ስልክ ቁጥር ውስጥ ይከተዋል።

በሁሉም ላይ የሚደጋገም ባሕርይ ጥድፊያ ነው። «በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ አካውንትዎ ለዘለዓለም ይዘጋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው አንባቢው ለማጣራት ጊዜ እንዳያገኝ ነው። እርግጥ እውነተኛ ሂሳብም የመክፈያ ቀን አለው፤ የቀን ገደብ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ገደቡ በሰዓታት ሲቆጠር፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ምንም ማስታወሻ ያልደረሰዎት ከሆነ ጥድፊያው ራሱ የማጭበርበሪያው መሣሪያ ነው። እጅግ ሲያስቸኩልዎ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ እውነተኛ ዕዳ ከሆነ ለአሥር ደቂቃ ማጣራት ይጠብቃል።

የላኪውን አድራሻ ማንበብ

በኢሜይል ላይ «ከ» በሚለው መስመር የሚታየው ስም ላኪው ራሱ የጻፈው ነው። ኢሜይል የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ በምህጻሩ ኤስኤምቲፒ የሚባለው፣ መጀመሪያ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ያኔ መረቡን የሚጠቀሙት በአብዛኛው የሚተዋወቁ ተቋማት ስለነበሩ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጥ አካል አልተካተተበትም። በወረቀት ፖስታ ጀርባ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን የላኪ ስም ጽፎ ሳጥን ውስጥ መክተት እንደሚችል ሁሉ፣ ኢሜይልም በመሠረቱ እንደዚያው ነው። ስለዚህ «የደንበኞች አገልግሎት» ወይም የአቅራቢዎ ትክክለኛ ስም በደማቅ ፊደል መታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

መታየት ያለበት ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሙሉ አድራሻ ነው። በኮምፒውተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል፤ በስልክ ላይ ግን ብዙ የኢሜይል መተግበሪያዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ስሙን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ስሙን በጣትዎ ነክተው አድራሻውን ማስገለጥ ያስፈልጋል። አጭበርባሪዎች በስልክ የሚያነበውን ሰው የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው። አድራሻው ከተገለጠ በኋላ ከ@ ምልክት በስተቀኝ ያለውን ክፍል ብቻ ይመልከቱ። ከምልክቱ በስተግራ ያለውን የአድራሻው ባለቤት እንደፈለገ ሊሰይመው ስለሚችል፣ እዚያ የአቅራቢዎ ስም ቢኖርም ዋጋ የለውም። በስተቀኝ የሚታየው ማንም በነጻ የሚከፍተው የኢሜይል አገልግሎት ከሆነ፣ ወይም ከአቅራቢው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ድርጅት አድራሻ ከሆነ፣ ደብዳቤው ያለቀለት ነው።

የሚያስቸግረው የሚመሳሰል አድራሻ ሲመጣ ነው። በላቲን ፊደል ትንሿ «ኤል» ከአሃዝ 1 ጋር፣ «ኦ» ከዜሮ ጋር ይመሳሰላሉ፤ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ «ኤም»ን ይመስላሉ፤ በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ልዩነቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ከሌላ ቋንቋ ፊደል መዋስ ነው፤ የሲሪሊክ «አ» ከላቲኑ «ኤ» ጋር በዓይን አይለይም፣ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም ሌላ ፊደል ነው። ብራውዘሮች እንዲህ ያለውን ድብልቅ ሲጠረጥሩ አድራሻውን «ኤክስ»ና «ኤን» በተባሉ የላቲን ፊደላትና በሁለት ጭረቶች በሚጀምር ትርጉም አልባ የፊደላት ድርድር ያሳያሉ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስም ያለው አቅራቢ እንዲህ ያለ አድራሻ ሊኖረው ምክንያት የለም። ሌላው ቀላል ዘዴ በእውነተኛው ስም ላይ «ድጋፍ»፣ «ሂሳብ» ወይም «ደህንነት» የሚል ቃል በጭረት መቀጠል ነው። ይህ አዲስ አድራሻ ማንም ሊመዘግበው የሚችል፣ ከዋናው ጋር ዝምድና የሌለው ነው።

አድራሻው ትክክል ቢመስልም «መልስ» የሚለውን ተጭነው መልሱ ወደ ማን እንደሚሄድ መመልከት ይጠቅማል፤ መላክ ግን አያስፈልግም። ላኪው አንድ አድራሻ አሳይቶ መልሱ ወደ ሌላ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል፤ በመልስ መስጫው ላይ ያልታወቀ አድራሻ ብቅ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሊንኩን ሳይጫኑ መመርመር

በደብዳቤው ውስጥ በሰማያዊ ወይም በአዝራር መልክ የሚታየው ጽሑፍ ሊንኩ ከሚወስድበት ቦታ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ጽሑፉ የአቅራቢውን ትክክለኛ አድራሻ አሳይቶ ሊንኩ ወደ ሌላ ቦታ ቢወስድ የሚከለክለው ነገር የለም። በኮምፒውተር ላይ የማውዙን ቀስት ሳይጫኑ በላዩ ቢያሳርፉት እውነተኛው አድራሻ በመስኮቱ ታችኛ ጥግ ወይም በቀስቱ አጠገብ ይታያል። በስልክ ላይ ጣትን በሊንኩ ላይ ተጭኖ ማቆየት ያስፈልጋል፤ እጅዎ ከተንሸራተተና ከተከፈተ ግን ምንም ሳይጽፉ ገጹን ይዝጉት።

አሁን የሚያስፈልገው አድራሻውን ማንበብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይበጃል። ለምሳሌ በራሳችን ፊደል እንጻፈውና የአቅራቢው ትክክለኛ አድራሻ «አቅራቢ.ኮም» ነው እንበል። በአድራሻው መጀመሪያ ካሉት ሁለት ተከታታይ ሰያፍ መስመሮች (//) በኋላ የመጀመሪያውን ነጠላ ሰያፍ መስመር (/) ይፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ግራ ይመለሱና የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ያንብቡ። «ሂሳብ.አቅራቢ.ኮም/ክፍያ» በሚለው ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች «አቅራቢ.ኮም» ስለሆኑ ገጹ የአቅራቢው ነው። «አቅራቢ.ኮም.ማረጋገጫ.ኔት/ክፍያ» በሚለው ውስጥ ግን ባለቤቱ «ማረጋገጫ.ኔት» የተባለው ነው፤ የአቅራቢው ስም ከፊት የተለጠፈው ዓይን ከግራ ሲያነብ እዚያው እንዲረካ ነው። «ማረጋገጫ.ኔት/አቅራቢ.ኮም» የሚለውም እንዲሁ፤ ከሰያፉ በኋላ የሚመጣው የገጽ ስም እንጂ የባለቤት ስም አይደለም። አንዳንድ አገሮች ከመጨረሻው የአገር ምልክት በፊት «ኮም» ወይም «ኮ» የሚል ተጨማሪ ክፍል ስለሚጠቀሙ፣ በእነዚያ ላይ ከሁለት ይልቅ ሦስቱን የመጨረሻ ክፍሎች ማንበብ ያስፈልጋል። ሊንኩ በማሳጠሪያ አገልግሎት ታጥሮ ከመጣ፣ ወይም በስም ፈንታ ቁጥሮች ብቻ ከተደረደሩ፣ ባለቤቱን ከአድራሻው ማወቅ ስለማይቻል ባይከፍቱት ይሻላል። በደብዳቤ ውስጥ የሚመጣ ኪውአር ኮድም ሊንክ ነው፤ ልዩነቱ ምርመራውን ከኮምፒውተሩ አሽሽቶ ወደ ስልክ ማዛወሩ ነው።

በብራውዘሩ ላይ የምትታየው የቁልፍ ምልክት ደህንነትን ታረጋግጣለች የሚለው አሮጌ ምክር መተው አለበት። ምልክቷ የምትናገረው በእርስዎና በገጹ መካከል የሚያልፈው መረጃ መመስጠሩን እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያሉ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጡ አጭበርባሪውም በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። ጉግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቷን በሌላ የተካትም ሰዎች ከሚገባው በላይ ስለሚያምኗት ነው።

የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ግን ጥሩ ረዳት አለው። ፕሮግራሙ የሚሞላው የይለፍ ቃሉ በተመዘገበበት አድራሻ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በተለመደው የመግቢያ ገጽ ላይ በድንገት አልሞላም ካለ፣ ቃሉን በእጅ ከመጻፍ በፊት አድራሻውን ደግመው ያንብቡ። ዓይን በሚመሳሰሉ ፊደላት ይታለላል፣ ፕሮግራሙ አይታለልም።

አባሪዎች

«የወሩ ሂሳብ» ተብሎ የሚመጣ አባሪ ሁለት ዓይነት አደጋ ሊይዝ ይችላል። አንደኛው በኮምፒውተር ላይ ጎጂ ፕሮግራም የሚጭን ፋይል ነው። በይለፍ ቃል የታሸገ የዚፕ ፋይል፣ በቀጥታ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ወይም ሲከፈት «ይዘቱን ለማየት ማክሮ ይፍቀዱ» (ማክሮ በሰነድ ውስጥ የሚካተት ትንሽ ፕሮግራም ነው) የሚል የወርድ ወይም የኤክሴል ሰነድ ለአንድ ወር ሂሳብ ምንም አያስፈልግም። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎች በራሳቸው እንዲታገዱ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አድርጓል፤ አጭበርባሪዎች ተጠቃሚው በገዛ እጁ እገዳውን እንዲያነሳ የሚለምኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይነገርለት የኤችቲኤምኤል አባሪ፣ ማለትም በብራውዘር የሚከፈት የድረ ገጽ ፋይል ነው። ሲከፈት የአቅራቢውን የመግቢያ ገጽ የመሰለ ነገር ያሳያል፤ ገጹ ግን ያለው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ከላይ የተገለጸው አድራሻን የማንበብ ዘዴ አይሠራበትም፣ የጻፉት የይለፍ ቃልም ወደ አጭበርባሪው ይሄዳል። እንዲህ ያለ አባሪ ይዞ የመጣ የሂሳብ ደብዳቤ ባይከፈት ምንም አይጎድልም።

ማረጋገጫ የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ

አርማ፣ ቀለም፣ የድርጅቱ አድራሻና የመብት ማስታወቂያ ከእውነተኛ ደብዳቤ ላይ በቀጥታ ይገለበጣሉ። የፊደል ግድፈትም እንደ ቀድሞው አስተማማኝ ምልክት አይደለም፤ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ማንም ሰው በማያውቀው ቋንቋ ንጹሕ ደብዳቤ ማስጻፍ ይችላል። ግድፈት የበዛበትን ደብዳቤ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ግድፈት የሌለበትን በዚያ ብቻ ማመን ግን አደገኛ ነው። ስምዎ፣ ስልክ ቁጥርዎ ወይም አሮጌ የይለፍ ቃልዎ በደብዳቤው ላይ መገኘቱም ላኪው አቅራቢዎ መሆኑን አያሳይም። ከተለያዩ ድርጅቶች ሾልከው የወጡ የደንበኞች መረጃዎች በብዛት ስለሚሸጡ፣ ይህን ሁሉ ማወቅ ለአጭበርባሪው ከባድ አይደለም።

ጠለቅ ብሎ መመርመር ለሚፈልግ ሰው በደብዳቤው የተደበቀ ራስጌ (ደብዳቤው ከየትና እንዴት እንደመጣ የሚመዘገብበት ክፍል) ውስጥ ሦስት ውጤቶች ይገኛሉ፦ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ። የመጀመሪያው ደብዳቤውን ያደረሰው ኮምፒውተር በዚያ አድራሻ ስም ለመላክ የተፈቀደለት መሆኑን ይመለከታል። ሁለተኛው በደብዳቤው ላይ ያለውን ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ለአንባቢ ከሚታየው የላኪ አድራሻ ጋር ያስተሳስራል፣ ማረጋገጫው ሳይሳካ ሲቀርም የተቀባዩ የኢሜይል አገልግሎት ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግራል። በጂሜይል ላይ በኮምፒውተር ደብዳቤውን ከፍቶ በሦስቱ ነጥቦች ስር የደብዳቤውን ኦሪጅናል ቅጂ ማየት ይቻላል፤ ውጤቶቹ ከላይ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች እነዚህን እንዲያሟሉ ስላስገደዱ፣ በትልቅ አቅራቢ ስም መጥቶ ፈተናውን የወደቀ ደብዳቤ በእጅጉ ያጠራጥራል።

ፈተናውን ማለፍ ግን የተለየ ነገር ነው። አጭበርባሪው በራሱ የተመዘገበ፣ የአቅራቢዎን የሚመስል አድራሻ ካለው ሦስቱንም ያለችግር ያልፋል፤ ሥርዓቱ የሚመሰክረው ደብዳቤው በእርግጥ ከዚያ አድራሻ መምጣቱን ነውና። የአቅራቢው ደንበኛ የነበረ የሌላ ሰው ሳጥን ተሰርቆ ከዚያ ቢላክም እንደዚሁ ያልፋል። ስለዚህ የእነዚህ ውጤቶች ጥቅም ሐሰተኛውን ለመጣል እንጂ እውነተኛውን ለማጽደቅ አይደለም።

ከደብዳቤው ወጥቶ ማጣራት

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ለመመርመር ጊዜ የሌለው ሰው ይህን አንዱን ብቻ ቢይዝ በቂ ነው፦ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሊንክ፣ ስልክ ቁጥርና የመልስ አድራሻ ሳይነካ ጉዳዩን በራሱ መንገድ ይጠይቅ። ብራውዘር ከፍቶ የአቅራቢውን አድራሻ በእጅ መጻፍ፣ ቀድሞ በብራውዘሩ የተቀመጠ የገጽ ምልክት (ቡክማርክ) መጠቀም፣ ወይም ከዚህ በፊት የተጫነውን የድርጅቱን መተግበሪያ መክፈት ይቻላል። ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ እዚያ ይታያል፤ ከሌለ ደብዳቤው ውሸት ተናግሯል። መደወል ከተፈለገ ቁጥሩ ከውሉ፣ ከአሮጌ ሂሳብ ወይም ሞደሙ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይወሰድ። በመፈለጊያ ሞተር ከላይ የሚመጣው ውጤት አንዳንድ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ስለሆነና አጭበርባሪዎችም ማስታወቂያ ስለሚገዙ፣ የድጋፍ ስልክን በፍለጋ ማግኘት አይመከርም።

ምንም ሊንክና አባሪ ሳይኖረው የስልክ ቁጥር ብቻ የያዘ ደብዳቤ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ የሚጫኑት ነገር ስለሌለ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሲደውሉ የሚያነሳው ትሑት ሰው ችግሩን ለማስተካከል ብሎ ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያሠራ ፕሮግራም እንዲጭኑ ይጠይቃል። ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ሕጋዊ ስለሆኑ ጸረ ቫይረስ ላያስቆማቸው ይችላል። እርስዎ ባላስጀመሩት ጉዳይ የተነሳ ኮምፒውተርዎን ለማንም አይክፈቱ።

ከተጫኑት ወይም ከሞሉት በኋላ

ሊንኩን ከፍተው ምንም ሳይጽፉ ከዘጉት አደጋው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ብራውዘሩንና የስልኩን ወይም የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር አድሱ የሚል መልእክት ካለ በዚያው ዕለት ማደስ ይበቃል። የይለፍ ቃል ከጻፉ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ በራስዎ መንገድ ወደ አቅራቢው ገጽ ገብተው ቃሉን ይለውጡ፤ ከዚያ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚል ምርጫ ካለ ይጠቀሙበት፤ በአንዳንድ አገልግሎቶች የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻ አስቀድሞ የገባውን ሰው አያስወጣውምና። ያንኑ ቃል በሌላ ቦታ ከተጠቀሙበት እዚያም ይለውጡት።

ብዙ ሰው ይህን አድርጎ ነገሩ አለቀ ይላል፤ ነገር ግን ሳጥን ውስጥ የገባ አጭበርባሪ ብዙውን ጊዜ የሚተወው ነገር አለ። በኢሜይሉ ማስተካከያ ውስጥ የማስተላለፊያ አድራሻና የማጣሪያ ደንብ የሚሉትን ይክፈቱ። እርስዎ ያላስገቡት አድራሻ ካለ፣ የሚመጣልዎ ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው ወደዚያ እየሄደ ነው፤ «ባንክ» ወይም «የይለፍ ቃል» የሚል ቃል ያለበትን ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ደንብ ካለ ደግሞ ማስጠንቀቂያዎች እንዳይደርሱዎት ታስቦ የተሠራ ነው። የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይልም የእርስዎ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በመጨረሻ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። በስልክ የሚላከውን ቁጥር ሐሰተኛ ገጽ ጠይቆ እዚያው በዚያው ሊጠቀምበት እንደሚችል ማወቅ ይገባል፤ አቅራቢዎ የይለፍ ቃልን የሚተካውን «ፓስኪ» የተባለውን የመግቢያ ዘዴ ከሰጠ እሱ የሚሠራው በትክክለኛው አድራሻ ላይ ብቻ ስለሆነ ይመረጣል።

የካርድ ቁጥር የሰጠ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ባንኩን በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሎ ካርዱን ያሳግድ፤ ገንዘብ እስኪጎድል መጠበቅ አያስፈልግም። ከሩቅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የጫነ ሰው ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቅ፣ የይለፍ ቃሎቹንም በዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን በሌላ መሣሪያ ይለውጥ፤ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ የሚጻፍ አዲስ ቃል እንደ አሮጌው ሊታይ ይችላል።

ደብዳቤውን ስለማስታወቅ

ለአጭበርባሪው «ተው» ብሎ መመለስ አድራሻው ሰው የሚያነበው መሆኑን ከማረጋገጥ በቀር ፋይዳ የለውም፤ ከግርጌ ያለውን «ከዝርዝሩ ውጣ» የሚል ሊንክ መጫንም እንደዚያው ነው። በኢሜይል አገልግሎቱ ላይ ያለውን የማጭበርበር ማሳወቂያ ምርጫ ይጠቀሙ፤ ይህ ተመሳሳይ ደብዳቤዎች ለሌሎች ሲላኩ እንዲጣሩ ይረዳል። ብዙ አቅራቢዎች እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን የሚቀበሉበት የተለየ አድራሻ ስላላቸው በድረ ገጻቸው ላይ ፈልገው ይላኩላቸው፤ ሲልኩም የተለመደውን «አስተላልፍ» ከመጫን ይልቅ ደብዳቤውን እንደ አባሪ አድርጎ መላክ ይሻላል፤ ተራ ማስተላለፍ የመጀመሪያውን ራስጌ ስለሚያስቀር፣ ተቆጣጣሪዎቹ ደብዳቤው ከየት እንደተነሳ የሚያዩበትን መረጃ ያሳጣቸዋል። በቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ያንኑ አካውንት የሚጋሩ ሰዎች ካሉ፣ ደብዳቤውን ከማጥፋትዎ በፊት ርዕሱንና የላኪውን አድራሻ ያሳዩዋቸው፤ ያው ደብዳቤ በእነሱም ስልክ ላይ ሊከፈት ይችላልና።